የተላከ ድንጋይ

«ይህ አንገት የማን ነው?» አለች ወለተ ሐዋርያት።

ጎልማሳው ሰው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ከወፍጮ መጅ ከፍ የሚል ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ በሁለት እጁ ደግፎታል። የነሐሴ ካፊያ በድንጋዩ ጀርባ እየወረደ በአንገቱ በኩል ወደ ሸሚዙ ይገባል። ከኋላው ከአማኑኤል ከተማ አካባቢ ወደ ማርቆስ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። የካቶሊኮቹ ቄስ አባ መንበሩ የቀደሱበትን ልብስ እንኳ ሳያወልቁ ከሽማግሌዎቹ ጎን እጃቸውን አጣምረዋል። ሲስተር ሳራ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርጻለች። ከቅዳሴ የወጣው ምእመን፣ ሕፃናቱ ተቆጥረው አርባ የማይሞላው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ክፈፍ ስር ተጠግቶ አንዲት ቃል ይጠብቃል። ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስካላለ ድንጋዩ አይወርድም፤ የአገሩ ወግ ነው።

«የጌቱ ነው፣ አክስቴ» አለ ተንበርካኪው ከድንጋዩ ስር። «የወንድምዎ ልጅ ነኝ።»

«ማን እንደሆንክማ አላጣሁትም። ይህ አንገት ምን በደለኝ ነው የምልህ።»

ከሽማግሌዎቹ ታላቅየው አቶ ወልደ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንግግሩን መንገድ ላይ ሲያዘጋጁት እንደመጡ ያስታውቃል።

«እመት ወለተ ሐዋርያት፣ እኛ ያለፈውን ልንቆፍር አልመጣንም። ወንድምዎ ፍቅረ ሥላሴ እግሩ አብጦ አልጋ ከያዘ ሦስት ወሩ ነው። የንስሐ አባቱ ‹ከእህትህ ሳትታረቅ አልፈታህም› ብለውታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ አንናገረውም። ያም ሆኖ ታላቅ ሆኖ ሳለ ዝቅ ብሎ ድንጋይ ላከልዎ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«ላከልኝ!» አለች። «ድንጋይ እንደ ደብዳቤ ይላካል? ምነው በስልክ አልላከውም?»

ከክፈፉ ስር አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ወለተ ሐዋርያት ዞራ አላየችም። ሰባውን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚህ ግቢ ግን ቄሱም ሆነ መነኩሲቷ ከእሷ ጋር ከመነጋገራቸው በፊት የሚሉትን አስበው ነው የሚመጡት። አሁን ከሁሉም ነገር ውስጥ አንዷ ቃል ጆሮዋ ላይ ተሰክታ ቀርታለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። አገር! አገር ምን ያውቃል?

አባ መንበሩ ጠጋ አሉ። ወጣት ናቸው፤ ልጇ ሊሆኑ ይችላሉ።

«እማማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ የብፁዕ ገብረ ሚካኤል በዓል ነው። ስለ ሰማዕቱ ትዕግሥት አሁን ሰምተው ነው የወጡት። ቀኑን የመረጥነው እኮ አውቀን ነው።»

«መርጣችሁልኛል በሉኛ። ሰማዕቱን ደግሞ ከእርስዎ በፊት አውቀዋለሁ፣ አባ። አንድ ዓይናው የዲቦ መነኩሴ፣ የእኛው የጎጃም ሰው። በሰንሰለት አስረው ከሠራዊት ኋላ እየጎተቱ ‹ተው› ሲሉት ምን አለ? ‹አልተውም› አለ። መንገድ ላይ ሞተ እንጂ አልተወም። እናንተ ትዕግሥቱን ትሰብካላችሁ። እኔ የምወድለት እንቢታውን ነው።»

«እማማ» አለች ሲስተር ሳራ ስልኳን ሳታወርድ፣ በዚያ ለስላሳ ድምጿ። «ቅድስት ሪታ የባሏን ገዳዮች እንኳ ይቅር ብላለች።»

«ሪታ ፍቅረ ሥላሴን አታውቀውም። ስልክሽን ክተቺው፣ ልጄ። ሰርግ አይደለም።»

ሲስተር ሳራ ስልኳን ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተች። ወለተ ሐዋርያት ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከጌቱ ማጅራት ላይ አነሳችው። ከጠበቀችው በላይ ከበዳት፤ ክብደቱን ግን ለማንም አላሳየችም። ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጌቱ። ምንም ስላልበደልከኝ ቀላል ነው። ተነስ፣ ጉልበትህን ጥረግ። ድንጋዩን ግን ለላኪው እመልስለታለሁ። በተሳሳተ ሰው አንገት ነው የመጣልኝ።»

«መቼ?» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል ደንግጠው።

«ዛሬ። ተኩሱ ጋብ ብሎ መንገዱ የተከፈተበት ሳምንት ነው፤ ነገ ይዘጉት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

*

ወደ አማኑኤል በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋበት ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ አኩርፈው ሌላ መኪና ጠብቀዋል። ጌቱ ብቻ ነው አብሯት የገባው። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ አማኑኤል አስተማሪ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጉልበቱ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል ሲመጣ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ።

«እማማ፣ ድንጋይ ይዘው ወዴት ነው? አማኑኤል ድንጋይ ጠፋ እንዴ?»

«ድንጋይማ ሞልቶላቸዋል። የጠፋባቸው ሌላ ነው።»

«ከወንበር ስር ያስገቡት፤ ሲዞር ሰው እግር ላይ ይወድቃል።»

«አንተ መኪናህን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ እንጂ እሱ አይወድቅም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በመስኮቱ በኩል የገብሱና የጤፉ ማሳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቶ ያልፋል። እጇን ነጠላው ስር አስገብታ፣ መቁጠሪያዋ አንገቷ ላይ ስለሆነና እጇም ድንጋዩን ስለያዘ፣ በጣቶቿ እየቆጠረች መጸለይ ጀመረች።

ይህን ጸሎት ያስተማራት ባሏ ጸጋው ነው። ከአዲግራት የመጣ አናጺ ነበር፤ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ወንበሮች ሊሠራ መጥቶ እሷን አግብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አልሳተችም፤ ሲያማትም፣ ሰው ሲሞትባትም፣ ተኩስ ሲሰማም። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቦታ ላይ ትቆማለች። ‹አባታችን ሆይ› ስትል፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ላይ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። ጥቂት ትጠብቃለች። ከዚያ ያንን ዘልላ ትቀጥላለች። አባ መንበሩ በኑዛዜ ይህን ሲሰሙ «ቃሉን ቢሉት ልብ ይከተላል፣ እማማ» አሏት። «እግዚአብሔርን በጠዋት ተነስቼ አልዋሸውም» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አላነሱባትም።

ነገሩ የሆነው በጥር ነበር። ጸጋው ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ልጃቸው ዘመናይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማርቆስ ሳለች በሦስት ቀን ትኩሳት አለቀች። ዘመናይን ያሳደገቻት አያቷ ናት፣ የወለተ ሐዋርያት እናት፤ ጸጋው ለሥራ በየአገሩ ሲዞር ሕፃኗን ገጠር አያቷ ዘንድ ተዋት፤ በሰማንያ ቀኗም እዚያው አጥቢያ ተጠመቀች። ልትሞት ስትል «አያቴ መቃብር ጎን» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ወለተ ሐዋርያት ወደ ደብሩ መልእክት ላከች። የደብሩ ቄስ «እኛው ያጠመቅናት ልጅ ናት፤ አምጧት» አሉ። ሰዉ ከንጋት ጀምሮ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ንፍሮ ቀቀለ፣ ጠበቀ።

ሬሳው ግን አልደረሰም። ከአማኑኤል በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ወንዙ ጋ፣ ታላቅ ወንድሟ ፍቅረ ሥላሴ ብቻውን ዱላውን አጋድሞ ቆሞ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት አራቱም የማርቆስ ሰዎች ናቸው፤ ማንንም አያውቁም። ከኋላቸው የሚሲዮኑ ሽማግሌ ቄስ የእንጨት መስቀል ይዘው ይከተላሉ። «እነዚህን ይዘሽ አትገቢም» አላት። ቄሱ «እኔ ልመለስ፤ ልጅቱን ያስገቧት» ብለው መስቀሉን ከካባቸው ስር ደበቁ። እንደዚያም ሆኖ አልተንቀሳቀሰም። «ሰበካ ጉባኤ በገባሁ በወሩ የካቶሊክ ሬሳ ተከትዬ አልታይም። ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሰው ምን ይለኛል! የልጇ ፊት በነጠላ ተሸፍኖ፣ ፀሐይ እየመታው።

መለሰቻት። በእህል መኪና፣ በከረጢት መካከል፣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ ይዛ። ማርቆስ፣ በካቶሊኮቹ ግቢ ጥግ ቀበረቻት።

ይህንን ብቻ ቢያደርግ ኖሮ ምናልባት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አፏ ሳይዘጋ ያልፍ ነበር። ሰው ይፈራል፤ ፈሪ ወንድም ያላት እሷ ብቻ አይደለችም። እሱ ግን ከወንዙ ተመልሶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ምን አለ? «መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረች። ‹ከእናንተ አፈር ጋር ልጄን አላስተኛም› ብላ ተመለሰች» አላቸው። ሰዎቹ የቆፈሩትን ጉድጓድ ባዶውን ሞሉት። ለቅሶ የደረሳት ዘመድ አልነበረም። ለምን እንደሆነ የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው፣ ማርቆስ ገበያ፣ ከአንዲት ቅቤ ሻጭ። ያን ዕለት ሄዳ ልትጮህባቸው ተነስታ ነበር። በር ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «እውነት ነው ወይ?» አላላትም። ያልጠየቀኝን ሰው ደጅ ለደጅ እየዞርኩ አልለምንም አለች። አልሄደችምም።

*

ከአማኑኤል በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ጭቃው ያንሸራትታል። ጌቱ ሦስት ጊዜ «እኔ ልያዝልዎ» አለ።

«አንተማ ተሸክመሃል።»

እቅፏ ሲደክምና ምርኩዟን የምትይዝበት እጅ ሲያስፈልጋት ድንጋዩን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በነጠላዋ አሰረችው። ቁልቁለቱ ሲያጎነብሳት ድንጋዩ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ማጅራቷ ላይ ተቀመጠ። ያምማል። በህመሙ ውስጥ በጣቶቿ የጀመረችውን ጸሎት ቀጠለች፤ ጸሎቱ ግን ጠብ ሆነባት።

እመቤቴ፣ አለች በልቧ፣ ይቅር በይ ትይኛለሽ፤ አውቃለሁ። ያንቺ ልጅ ሲሞት የሰው መቃብር እንኳ ተገኘለት። ሀብታሙ ሰውዬ ‹የራሴን ውሰዱ› አለ። ከመንገድ የመለሰብሽ ወንድም አልነበረም። ቆሞ ‹ሰው ምን ይለኛል› ያለሽ የለም። እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? እመቤታችን አልመለሰችላትም። ወለተ ሐዋርያትም መልስ አልጠበቀችም፤ ሃምሳ ዓመት ሲነጋገሩ እንዲህ ነው።

ወንዙ ላይ አሁን የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶበታል። ጌቱ መሐሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጉድጓዱ ባዶውን ሲሞላ ቆሜ አይቻለሁ። አባቴ ከጓሮ ዞሮ ሲያለቅስም አይቻለሁ። ዘመናይ ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ያደግሁ ነኝ። ለምን መለሷት?»

ወለተ ሐዋርያት ቀና ልትል ሞከረች፤ ድንጋዩ አላስቻላትም። ጎንበስ እንዳለች ከታች ወደ ላይ አየችው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው።

«እኔ አልመለስኳትም» አለች። «አሁን አንተ በቆምክበት አባትህ ቆሞ ነበር።»

ነገረችው። ረጅም አልነበረም፤ ድልድዩን ተሻግረው ሳይጨርሱ አለቀ። ጌቱ የድልድዩ ክንፍ ላይ ቁጭ አለ፣ ውሃ እንደረገጠ ሰው ጫማውን እያየ።

«እኔ ደግሞ» አለ ቆይቶ፣ «ድንጋዩን ስሸከም አባቴ ትልቅ ሰው ነው እያልኩ ነበር። ተበድሎ ሳለ ይቅርታ የሚጠይቅ። መንገድ ላይ አለቀስኩለት።»

«አልቅስ። ለእሱ ማልቀስ ክልክል አይደለም።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። አሁን እገባና…»

«አንተ ዝም ትላለህ።» ምርኩዟን ጭቃው ላይ መታችው። «በሰው አንገት ድንጋይ ልኮልኛል። በሰው አፍ ደግሞ እንዲናዘዝ አልፈቅድለትም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል፣ አክስቴ።»

ተነስተው ዳገቱን ሲጀምሩ ከማዶ፣ ከበቆሎው ማሳ ዳር፣ አንዲት አሮጊት እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ስታያቸው ቆየች። አይናዲስ ናት፤ ከወለተ ሐዋርያት ጋር ውሃ ስትቀዳ ያደገች። አይናዲስ አወቀቻት፤ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን አየች። እልልታዋ ሸለቆውን ሞላው።

«ወለቴ መጣች! ኧረ ሰው! ወለቴ ድንጋይ ተሸክማ ልትታረቅ መጣች! እልልልል!»

ወለተ ሐዋርያት ምን እንደምትመስል አሁን ነው የገባት። ጎንበስ ያለች አሮጊት፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ፣ ወደ ታላቅ ወንድሟ ቤት። በደለኛ! ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ነጠላዋን ልትፈታ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ፤ ቋጠሮው እርጥብ ነበር፤ አልፈታ አላት።

«ልፍታልዎ?» አለ ጌቱ ቶሎ ብሎ። «ሰው ሳይሰበሰብ።»

ሰዉ ግን መሰብሰብ ጀምሯል። ከየበሩ፣ ከየአጥሩ ይወጣል። ገሚሱ በጉድጓዱ ዙሪያ የነበረ ነው፤ አሁን ፀጉሩ ነጥቷል። እጇን ከቋጠሮው ላይ አነሳች።

«ተወው» አለች። «ይሰብሰቡ። በጥር አልመጡልኝም፤ በነሐሴ ይምጡ።»

*

ፍቅረ ሥላሴ የተኛው በዋናው ክፍል፣ ከበሩ ትይዩ ባለው አልጋ ላይ ነበር። ሚስቱ የብርጓል እልልታውን ሰምታ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው፤ ወፍራም፣ ቀልጣፋ፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። ወለተ ሐዋርያትን ስታይ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ወለትዬ! እግዜር ይህን ቀን አሳየኝ! ግቢ፣ ግቢ፤ ድሮም ቂም አልያዘብሽም። ሁልጊዜ ‹እህቴ ናት› ነው የሚለው።»

ቤቱ ሞላ። የቀረው ሰው በበሩና በመስኮቱ ተደራረበ። ጭስና እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ወለተ ሐዋርያት ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። ድንጋዩን አላወረደችም።

ወንድሟ ከስቷል። ፊቱ ላይ ያለው አጥንት የአባታቸውን ፊት ያስታውሳል። እግሩ ግን ከብርድ ልብሱ ስር እንደ ሁለት ከረጢት አብጧል። መጀመሪያ እሷን አየ፤ ከዚያ ድንጋዩን። ከራሱ ግቢ የተነሳ ድንጋይ ነው፤ አውቆታል። ተመልሶ በእሷ ማጅራት ላይ ለምን እንደመጣ ግን ወዲያው አልገባውም። ገባውና ዓይኑ ወደ ሰዉ ሸሸ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር!» አለ ሰዉ በአንድ አፍ።

«ይቅር በላት እንጂ፣ ጋሼ ፍቅረ!» አለች አይናዲስ ከበር። «ሽማግሌ ሴት ድንጋይ ተሸክማ መጣችብህ!»

የብርጓል ጠጋ ብላ ድንጋዩን ለመቀበል እጆቿን ዘረጋች። ወለተ ሐዋርያት አልከለከለቻትም፣ አልሰጠቻትምም። የምታየው ወንድሟን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስበው የኖረችው ነገር ይህ ነበር፤ እንደገና የመዋሸት ዕድል ቢያገኝ ምን ያደርጋል? አሁን አግኝቶታል። ምንም መናገር አያስፈልገውም። እጁን ማንሳት ብቻ ነው። እጁን ካነሳ ንስሐ አባቱ ይፈቱታል፣ ሰዉ ያመሰግነዋል፣ እሷም በደለኛ ሆና ትመለሳለች፤ ጉድጓዱም ለሁለተኛ ጊዜ ይሞላል።

እጁ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ።

«እንግዲህ» አለ። «እንግዲህ… እግዜር…»

«ጨርሰው እስቲ» አለች ወለተ ሐዋርያት። «እግዜር ማንን ይቅር ይበል?»

ጌቱ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል፤ መንጋጋው ተቆልፏል። አባቱ ወደ እሱ አየ፤ ከልጁ ፊት ላይ ነገሩን አነበበው። እጁ ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ።

«ወለቴ» አለ። «ሰዎቹ ይውጡና እኔና አንቺ እንነጋገር።»

«አይወጡም። ጉድጓዱን የቆፈሩት እነሱ ናቸው።»

«ታምሜአለሁ፣ እህቴ።»

«አይቻለሁ። እኔም ደህና ሆኜ አይደለም ይህን ዳገት የወጣሁት።»

«ኧረ ምን ጉድ ነው?» አለች የብርጓል አንዴ ባሏን አንዴ እህቱን እያየች። «ለይቅርታ አይደለም እንዴ የመጣሽው? ድንጋዩን ተሸክመሽ ነው የምትቆጪው?»

«ባልሽን ጠይቂው። የተሸከምኩት የራሱን ነው። ዛሬ ጠዋት በልጅሽ አንገት ልኮልኝ ነበር፤ ወንድ ልጅሽ በሰው ፊት ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አደረሰልኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገራችሁትም። አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም።»

ሰዉ ተጉመተመተ። አንድ ሽማግሌ «የዘመናይን ነገር ነው የምትል» አለ። ሌላው «ዝም በሉ፣ እንስማ» አለ።

ፍቅረ ሥላሴ ልጁን ጠራው። «ና፣ አንሳኝ።»

ጌቱ አልተንቀሳቀሰም። አባቱ ደግሞ ሲጠራው ቀስ ብሎ መጣ፤ ብብቱ ስር ገብቶ አነሳው። ያበጡት እግሮቹ መሬት ሲነኩ ሽማግሌው ተነፈሰ። ሰዉ ሊስማት የተነሳ መስሎት መንገድ ለቀቀ። እሱ ግን በልጁ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ጎንበስ አለ፤ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ ማጅራቱን አጋለጠላት። እንደተላጨ የበግ አንገት ነጭና ቀጭን ነው። ሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለው ስርጉድ ይመታል።

ወለተ ሐዋርያት ያንን አንገት አየችው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ፣ በዚያ አንገት ላይ ተቀምጣ ፀጉሩን ይዛ ትሻገር ነበር። ምናልባት እሱም ይህንኑ አስቦ ይሆናል ያጋለጠላት። ቋጠሮዋን ፈታች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ወደ ፊት አመጣችው። ጌቱ «አክስቴ» አለ። ብትጭነው አይችለውም፤ እዚያው ይደፋል። ይህን ሁሉም ሰው አየ። እሱም አውቆ ነው የሰጣት፤ እውነቱን ከመናገር ይህኛው ይቀለዋል።

ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሳ። ይህችን ደግሞ! እንዲህ አድርጎ ሊያመልጣት!

«አንገትህን መልሰው» አለች። «አንገትማ በጠዋትም ተልኮልኝ ነበር። እኔ የመጣሁት አፍህን ፍለጋ ነው።»

ድንጋዩን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታታል። የብርጓል ልትቀበላት እንደገና እጇን ዘረጋች፤ እሷ ፊቷን አዞረች።

ፍቅረ ሥላሴ ቀና አለ። ቀና ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እህቱን አላያትም። በበሩ በኩል የቆሙትን ሰዎች አየ፤ አንድ በአንድ፤ ያኔ ዶማ የያዙትን፣ ንፍሮ የቀቀሉትን፤ ሃያ ሁለት ዓመት በየበዓሉ ከጎኑ የቆሙትን።

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ከምሰሶው አያልፍም ነበር። «እሷ አልተመለሰችም። ዘመናይን ይዛ ወንዙ ድረስ መጥታ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳት። ‹አላስተኛም አለች› ያልኳችሁ… እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

የብርጓል የዘረጋቻቸውን እጆች ቀስ ብላ ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ምሰሶው አጠገብ የቆመው ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላ ግን፣ ከበሩ ውጪ፣ ሰዉ ይገፋፋል።

«ምን አለ?»

«ይቅር አላት መሰለኝ።»

«ተመስገን! እልል በሉ እንጂ! እልልል…»

ወለተ ሐዋርያት ዞር ብላ ወደ በሩ አየች። እልልታው በጀማሪዋ ጉሮሮ ውስጥ ቆመ። ክንዶቿ ከአሁን በኋላ ብዙ እንደማይቆዩ ታውቃለች። ወደ ወንድሟ ተመለሰች።

«ድገመው» አለችው። «በር ላይ ያሉት አልሰሙህም።»